የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሞሮኮ ሂና በሸራ ጥልፍ ላይ

የሞሮኮን የሂና ጌጥ ወደ ኒድልፖይንት፣ ማለትም በቀዳዳማ ሸራ ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ እየተቆጠረ ወደሚሠራው ጥልፍ፣ ለማምጣት የሞከሩ አንባቢያን የላኩልንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በፌዝ ከተማ በእጅ ላይ የተሠራ ሂና ከሠሪዋ ፈቃድ ጠይቄ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ሥዕሉን መጠኑን ሳልለውጥ በባለ 14 ሸራ ላይ በእርሳስ ገለበጥሁት። ስሰፋው ግን ቀጫጭኖቹ መስመሮች እርስ በርስ ተጣበቁ፤ ጠመዝማዛዎቹም ደረጃ ደረጃ ሆኑ። ጥፋቱ የሸራው ነው ወይስ የእጄ?

መልስ፦ ሸራዎም እጅዎም ደኅና ናቸው፤ ችግሩን ያመጣው ሥዕሉን እንዳለ መገልበጥዎ ነው። በሞሮኮ ነቃሻ የምትባለው የሂና ባለሙያ ዛሬ በአብዛኛው የምትሥለው በሲሪንጅ ነው። መስመሯ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ እጇ ወደ ፈለገው አቅጣጫ ሁሉ ይታጠፋል። በሸራ ላይ ግን ከአንድ ስፌት የቀጠነ መስመር የለም። ባለ 14 ሸራ ማለት በአንድ ኢንች ወይም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 14 ስፌት የሚይዝ ማለት ስለሆነ፣ አንዱ ስፌት ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በባለ 18 ሸራ 1.4፣ በባለ 10 ሸራ ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለት መስመሮች መካከልም ቢያንስ አንድ የመደብ ስፌት መቅረት አለበት። እንግዲህ በእጅ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ የተቀመጡ ሁለት መስመሮችና ክፍተታቸው በእርስዎ ሸራ ላይ 5.4 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ ማለት ነው። ሥዕሉን ወደ እጥፍ ማሳደግ፣ አለዚያም ከመስመሮቹ ግማሹን መተው ግድ ይላል። እኔ ጥቂት አሳድጎ ብዙ መተውን እመርጣለሁ፤ ከመጠን በላይ የተለጠጠ ሂና ጥቃቅን ሥራነቱን ያጣልና።

የመረጡት የፌዝ ሥራ መሆኑ ግን ዕድለኛ ያደርግዎታል። በደቡብ ሞሮኮ በብዛት የሚታየው አበባና ሐረግ የሚበዛበት ሂና እንደ ልብ የሚፈስ ነው። የፌዙ በአንጻሩ የሚነሣው ከአራት ማዕዘንና ከዳይመንድ፣ ማለትም በጫፉ ከቆመ አራት ማዕዘን፣ መረብ ሲሆን፣ ጥቃቅኑ ሁሉ በመረቡ ውስጥ የሚገባ ሙሌት ነው። ስለዚህ ፎቶግራፉን ሲያዩ ሙሌቱን ለጊዜው ይርሱትና ትልልቆቹ ዳይመንዶች የት እንደሚገናኙ፣ ዳር ዳሩን የያዙት ጠርዞች በስንት ረድፍ እንደተሠሩ ብቻ ይፈልጉ። ያንን አጽም በስኩዌር ወረቀት ላይ፣ አንዱን ሳጥን አንድ ስፌት አድርገው፣ ከባዶ ይገንቡት።

በሚገነቡበት ጊዜ እያንዳንዱን ሰያፍ መስመር ከሁለት ማዘንበያዎች ወደ አንዱ ያምጡት። አንድ ሳጥን ወደ ጎን፣ አንድ ሳጥን ወደ ላይ የሚሄደው ከሁሉ የጠራ ነው፤ ሁለት ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ላይ የሚሄደውም ያስኬዳል። ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ዓይን ላይ የተሰባበረ ይመስላል። ክብ ከሆነ ስፋቱ ከ7 ስፌት እንዳያንስ፤ ካነሰ ማዕዘኑ የተቆረጠ ሳጥን ይሆናል። ለሁሉም ነገር ጎዶሎ ቁጥር ይምረጡ፤ ጎዶሎ ቁጥር መሐል ስፌት አለው፣ ሙሉ ቁጥር ግን የለውም። ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትራስ በባለ 14 ሸራ ላይ 165 ስፌት ይይዛል፤ መሐሉ 83ኛው ስፌት ሲሆን በግራም በቀኝም 82 ይቀራሉ።

አጽሙ ከቆመ በኋላ ሙሌቱ ቀላል ነው። 11 ስፌት ስፋት ያለው ዳይመንድ፣ አንድ አንድ ስፌት ክፍተት እየተተወ፣ ራሱን ጨምሮ ሦስት ዳይመንዶችን አንዱን በአንዱ ውስጥ ይይዛል። በሂና ላይ በጠርዙ የሚደረደሩት ነጠብጣቦች በተራ ስፌት ሲሠሩ ያዘነበለ ፍሬ ስለሚመስሉ፣ ስሚርና በሚባለው ስፌት እንዲሠሯቸው እመክራለሁ። እርሱም በሁለት የሸራ ክሮች ላይ በመጀመሪያ የሰያፍ መስቀል፣ በላዩ ደግሞ የቀጥታ መስቀል መደረብ ነው፤ ሂናው ሳይረግፍ በቆዳ ላይ ደርቆ እንደሚጎብጠው ጕብ ብሎ ይታያል።

ጠመዝማዛውን እንዴት ወደ ሳጥን እንደሚለውጡት በተቸገሩበት ቦታ ሁሉ የሂና ፎቶግራፍ ሳይሆን የፌዝን ጥልፍ ይመልከቱ። የዚያች ከተማ ጠላፊዎች የጨርቁን ክር እየቆጠሩ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀለም፣ በፊቱም በጀርባውም እኩል የሚታይ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። ቅጠልና ዛፍን በቆጠራ የማሳየቱን ጥያቄ ከእኛ በፊት ፈትተውታል።

ጥያቄ፦ ዳይመንዱን በወረቀት ላይ ግራና ቀኙን እኩል አድርጌ ሣልሁት። ሲሰፋ ግን ወደ ቀኝ የሚወጣው ጎን ለስላሳ፣ ወደ ቀኝ የሚወርደው ጎን ደግሞ የተቆራረጠ ሆኖ ታየኝ። ቆጠራዬን ደጋግሜ ባረጋግጥም ስሕተት አላገኘሁበትም።

መልስ፦ ቆጠራዎ ትክክል ነው። ቴንት የሚባለው የዚህ ጥልፍ መሠረታዊ ስፌት ሁልጊዜ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ያዘነበለ ነው። መስመሩ ወደዚያው አቅጣጫ ሲወጣ ስፌቶቹ ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው እንደ አንድ ገመድ ይታያሉ፤ መስመሩ በተቃራኒው ሲወርድ ግን እያንዳንዱ ስፌት በመስመሩ ላይ አግድም ስለሚተኛ ለየብቻው የተቀመጠ ፍሬ ይመስላል። በሌሎች ሥዕሎች ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም። የሞሮኮ ሂና ግን ዳይመንድ በዳይመንድ ላይ ስለሚደራረብበት ጉድለቱ በየቦታው ይደገማል።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው መፍትሔ መስመሮቹን ክሮስ ስቲች በሚባለው የመስቀል ስፌት፣ መደቡን በቴንት መሥራት ነው። መስቀሉ ወደ የትኛውም ጎን ስለማያዘነብል አራቱም የዳይመንዱ ጎኖች እኩል ይሆናሉ፤ ከመደቡም ትንሽ ከፍ ብለው ስለሚቀመጡ መስመሩ ይጎላል። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ስለሚያልፉ ክሩን ቀጠን ማድረግ እንዳይረሱ። መስመሩን ሁለት ስፌት ማወፈርም ይቻላል፤ ነገር ግን የሂናውን ቅጥነት ይገድላል። ሥዕሉን አዙሮ ዳይመንዱን ሳጥን ማድረግ ለጠርዝ ካልሆነ በቀር አይመከርም፤ የፌዝ ሂና ውበቱ በጫፉ መቆሙ ላይ ነውና።

ትዕግሥቱ ያላቸው ደግሞ ሸራውን በአራት ከፍለው በእያንዳንዱ ሩብ ስፌቱን ወደ መሐል እንዲያዘነብል ማድረግ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ሩብ የጎረቤቱ የመስታወት ምስል ይሆናል፤ በተለይ በሐር ክር ከተሠራ ብርሃኑ በአራቱ ሩቦች ላይ በተለያየ መንገድ ስለሚያርፍ መደቡ ራሱ ጌጥ ይሆናል። በዚህ አሠራር ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉት በመሐል ረድፍ ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን መሐለኛው ቁም ረድፍና መሐለኛው አግድም ረድፍ የየትኛውም ሩብ ስላልሆኑ፣ ሁለቱንም በክሮስ ስቲች መጨረስ ይገባል።

ስለ መደቡ ካነሣን፣ ባስኬትዊቭ በሚባለው ሰያፍ አካሄድ ይሙሉት። ጀርባው እንደ ተሸመነ ጨርቅ ስለሚሆን ሸራው ብዙም አይጣመምም፤ ኮንቲኔንታል የሚባለው አግድም አካሄድ ግን ሰፊ ቦታ ላይ ሲሠራበት ካሬውን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ እውነተኛ ሂና እንዲመስል እፈልጋለሁ። ቡናማ ክር ገዛሁ፤ ውጤቱ ግን ደረቅ ሆነብኝ። መደቡስ የቆዳ ቀለም መሆን አለበት?

መልስ፦ ደረቅ የሆነብዎ ቀለሙ አንድ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል። የሂናው ቅባት እንደተነሣ በቆዳ ላይ የሚቀረው ብርቱካንማ ነው፤ ከዚያም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከአየር ጋር ሲገናኝ ወደ ቀይ ቡናማ ይጠቁራል። ቆዳው ወፍራም በሆነበት በመዳፍ ላይ በጣም ይጠቁራል፤ በእጅ ጀርባና በክንድ ላይ ይሳሳል። ስለዚህ ከአንድ ቤተሰብ ሦስት ቀለሞችን ማለትም ብርቱካንማ ቡናማ፣ የሸክላ ቀለምና ጥቁር ቡናማ ይውሰዱና እንደ ደረሰ ሳይበትኑ፣ ጥቁሩን በመሐል፣ ሳሳ ያለውን ወደ ዳር ያድርጉ። ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ክር አያስገቡበት። በነገራችን ላይ «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተቀላቀለበትና ቆዳን ሊጎዳ የሚችል ነገር ነው፤ ከቅጠሉ የሚገኝ ቀለም አይደለም።

መደቡ የቆዳ ቀለም ይሁን ማለት ለእኔ አይታየኝም፤ የሰው ቆዳ ብዙ ዓይነት ነው፣ ክር ደግሞ ቆዳን አይመስልም። የክሬም መደብ ሁልጊዜ ያምራል። ደፈር ካሉ ግን ነገሩን ይገልብጡት፦ መደቡ የሂና ቀይ፣ መስመሩ ክሬም ይሁን። በሞሮኮ የአዘሙር ከተማ ጥልፍ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ መደቡ በክር ይሞላል፣ ቅርጹ ባዶ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። ለእኛ የሚሰጠው ጥቅምም አለ። በጥቁር መደብ ላይ ያለ ብሩህ መስመር ለዓይን ከልኩ ወፍሮ ስለሚታይ፣ አንዲት ስፌት ብቻ የሆነ መስመር ሳይጠፋ ይነበባል። ነጭ ሸራ ላይ ጥቁር መደብ ሲሠራ ነጩ በክሮቹ መካከል ብቅ እያለ ስለሚያስቸግር፣ ሸራውን አስቀድሞ ማቅለም ወይም ቡናማ ሸራ መግዛት ይሻላል።

ጥያቄ፦ እነዚህ ምልክቶች የሰዎች ሥርዓት አካል ናቸው። ለትራስ መጠቀሜ ነውር ይሆን? ሠርቼ ብሸጥስ?

መልስ፦ ሂና በሞሮኮ ከሠርግ በፊት ባለው የሂና ሌሊት ሙስሊሙም አይሁዱም ሲጠቀምበት የኖረ ነው። የሂና ሥርዓትና ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2024 ሞሮኮን ጨምሮ በ16 አገሮች ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ያ ማለት ግን ዳይመንድ መስፋት ተከለከለ ማለት አይደለም። ዳይመንድ፣ ሦስት ማዕዘንና ዚግዛግ በአማዚግ (በርበር በሚባለው ሕዝብ) ምንጣፍና ሸክላ ላይ ሁሉ ያሉ የጋራ ሀብት ናቸው። የአንዲት ነቃሻ ሙሉ ድርሰት ግን የራሷ ድካም ነው። ፎቶ እንዲያነሡ የፈቀደች ባለሙያ ንድፉን እንዲሸጡ ፈቀደች ማለት ስላልሆነ፣ ለሽያጭ ከሆነ እንደገና ይጠይቋት፤ አለዚያም ከጋራዎቹ ቅርጾች የራስዎን ይገንቡ። ኸምሳ የሚባለውን የእጅ ቅርጽ፣ ሰዎች ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ብለው ከፍ አድርገው የሚሰቅሉትን፣ እኔ በእግር ማሳረፊያ ላይ አልሰፋውም። «ይህ ምልክት ይህን ማለት ነው» እያሉ ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ፍች የሚሰጡ ዝርዝሮችንም ለገዢ ባይደግሙ ይሻላል፤ ፍቹ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ብዙው ደግሞ ለውበት ብቻ የተሣለ ነው።

ጥያቄ፦ ክሩን ራሱን በሂና ማቅለም ይቻላል?

መልስ፦ ሱፍና ሐር ከሆነ ይቻላል። በሂና ቅጠል ውስጥ ያለው ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ከፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ቆዳን፣ ፀጉርን፣ ሱፍንና ሐርን ይይዛል፤ ጥጥና ተልባ ላይ ግን ደካማ ነው። ለሥራው የሚበቃውን ክር ሁሉ በአንድ ጊዜ ያቅልሙ፤ ሁለተኛው ድስት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት አይወጣም። ውኃው እስኪጠራ ያለቅልቁት። ከደረቀ በኋላ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገው ይፈትኑት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከታየ እንደገና ያለቅልቁት፤ ምክንያቱም ያለቀው ሥራ ተረጥቦ በጣውላ ላይ በሚወጠርበት ጊዜ የለቀቀው ቀለም የክሬሙን መደብ ያበላሸዋል።