ለሟች ጓደኛችን ቤተሰብ ያዋጣነው ገንዘብ ከታክስ ይቀነሳል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ነሐሴ ዲሲ ውስጥ ኡበር ይነዳ የነበረ ጓደኛችንን ሌሊት ላይ ዘራፊዎች ተኩሰው ገደሉት። ባለቤቱና ሁለት ትናንሽ ልጆቹ ቀሩ። እኔ ጎፈንድሚ በሚባለው የኢንተርኔት የገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽ ከፍቼ ገንዘብ አሰባሰብን። ገንዘቡ የገባው በእኔ አካውንት ነው፤ ለባለቤቱ አስረክቤያለሁ። አሁን የታክስ ሰሞን ሲሆን ሰዎች እየደወሉ «ደረሰኝ ስጠን፣ ከታክስ እናስቀንሰው» ይሉኛል። «በቤተክርስቲያን በኩል ቢሆን ኖሮ ይቀነስ ነበር» የሚሉም አሉ። ባለቤቱ ደግሞ «ታክስ ክፈይ ብለው ይመጡብኝ ይሆን?» ብላ ፈርታለች። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። እናንተንም እሷንም ያጽናችሁ።

ከእሷ ልጀምር፤ የደዋዮቹ ይደርሳል። ባለቤቱ ከዚህ ገንዘብ ላይ ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) ሰባራ ሳንቲም አትከፍልም። ሰው አዝኖ፣ በምላሹ ምንም ሳይጠብቅ የሰጠው ገንዘብ ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ በአሜሪካ የታክስ ሕግ ለተቀባዩ ገቢ አይደለም። ታክስ ስታሠራ አታስመዘግበውም። ባንክ አስቀምጣው ወለድ ከወለደ ወለዱ ብቻ ገቢ ነው። ሰጪዎቹም ቢሆኑ የስጦታ ታክስ አይመለከታቸውም፤ በ2025 አንድ ሰው ለሌላው እስከ 19,000 ዶላር ሲሰጥ ምንም ፎርም አይሞላም።

አንድ ነገር ግን ጠይቃት። እሷ ወይም ከልጆቹ አንዱ ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ ወይም አረጋዊ የሚሰጠውን የፌዴራል ድጎማ ይቀበላሉ? የዚያ ድጎማ የንብረት ጣሪያ ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር ነው። እናንተ የሰበሰባችሁት ገንዘብ አካውንቷ ውስጥ ሲታይ ድጎማው ሊቋረጥ ይችላል። የሚቀበሉ ከሆነ ሳታድር ጠበቃ ታማክር።

አሁን ወደ ደዋዮቹ። አይቀነስም። የ50 ዶላሩም፣ የ5,000ውም አይቀነስም። ሕጉ የሚቀንሰው አይ አር ኤስ ለሚያውቀው የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ለሃይማኖት ተቋም የተሰጠውን ነው። ስሙ ተጠቅሶ ለተለየ አንድ ቤተሰብ የተሰጠ ገንዘብ፣ ቤተሰቡ የቱንም ያህል ቢቸገር፣ የግል ስጦታ ነው። ጎፈንድሚ የላከላቸው ኢሜይል ይህን አይቀይረውም።

ሕጉ በዚህ ነገር ምን ያህል ግትር እንደሆነ ልንገርህ። በፈረንጆች ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ብሩክሊን ውስጥ ራፋኤል ራሞስና ዌንጂያን ሊው የተባሉ ሁለት የኒውዮርክ ፖሊሶች መኪናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ተገደሉ። አገሩ በሙሉ አዘነ፤ ለቤተሰቦቻቸው ገንዘብ ጎረፈ። ታዲያ ያ ገንዘብ ከታክስ እንዲቀነስ ኮንግረስ ራሱን የቻለ ሕግ ማውጣት ነበረበት። ኦባማ የፈረሙበት ሚያዝያ 1 ቀን 2015 ነው። ሕጉ የሁለቱን ፖሊሶች ስም ይጠራል። እስከ ሚያዝያ 15 የሰጠ ሰውም በ2014 ታክሱ ላይ እንዲያስቀንስ ይፈቅዳል። ለእነሱ ብቻ፣ ለዚያን ጊዜ ብቻ። ለሁለት ፖሊሶች ቤተሰብ ኮንግረስ ካልተሰበሰበ ያልሆነውን፣ ለኡበር ነጂ ቤተሰብ እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ላደርገው አልችልም። ፍትሐዊ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። ግን የጠየቅኸኝ ሕጉን ነው።

«በቤተክርስቲያን በኩል» የሚለው ምክር በየዓመቱ ይመጣል። በአብዛኛው ስህተት ነው። ቼክ ለቤተክርስቲያን ጽፈህ ታችኛው መስመር ላይ «ለእገሌ ባለቤት» ካልክበት፣ ቤተክርስቲያኗ ቧንቧ ሆነች ማለት ነው። ገንዘቡ በእሷ ውስጥ አለፈ እንጂ የእሷ አልሆነም፤ ስለዚህ አይቀነስም። የሚቀነሰው እንዲህ ሲሆን ነው፦ ቤተክርስቲያኗ ለተቸገረ ሁሉ የሚሆን የእርዳታ ገንዘብ አላት እንበል። ለማን፣ ስንት እንደሚሰጥ የሚወስነው ኮሚቴው ነው። አንተ ለዚያ ትሰጣለህ። ኮሚቴው የጓደኛህን ባለቤት ሊረዳ ይችላል፤ ላይረዳም ይችላል። ማዘዝ አትችልም። ከ250 ዶላር ጀምሮ ደግሞ ታክስህን ከማስገባትህ በፊት ከቤተክርስቲያኗ የተጻፈ ደብዳቤ በእጅህ መኖር አለበት፤ በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት ማግኘት አለማግኘትህን የሚገልጽ። ገንዘብ ያዡን አስቸግሮ ቀኑን ወደ ኋላ አስደርጎ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው ራሱንም ቤተክርስቲያኑንም ጣጣ ውስጥ ይከታል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ እኔ አልሠራለትም።

እንዲያው ለነገሩ፣ ቢቀነስስ ለስንቱ ይጠቅመው ነበር? የ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽን፣ ማለትም ወጪ ሳይዘረዘር ከገቢ ላይ የሚቀነሰው፣ ለነጠላ 15,750፣ ለባልና ሚስት 31,500 ዶላር ነው። ምጽዋት የሚቀነስለት ደግሞ ይህን ትቶ ወጪውን ለሚዘረዝር ነው። ተከራይቶ የሚኖር ሰው፣ የቤት ብድር ወለድ የሌለበት፣ ከዚህ በላይ የሚዘረዝረው ወጪ ከየት ይመጣል? ስለዚህ 200 ዶላር ሰጥቶ ደጋግሞ የሚደውልልህ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው ነገር የለም። ከ2026 ጀምሮ ወጪ የማይዘረዝሩትም በጥሬ ገንዘብ የሰጡትን እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር ማስቀነስ ይችላሉ። ይህም ቢሆን ለድርጅት እንጂ ለግለሰብ የተሰጠውን አይጨምርም። የእድር መዋጮም ያው ነው፤ ለራስህ ቀብር የምትከፍለው እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ወደ አንተ እንምጣ። በስምህ ከ20,000 ዶላር በላይ ከገባና ክፍያዎቹም ከ200 ከበለጡ 1099ኬ የሚባል፣ በክፍያ ድርጅት በኩል የገባልህን ገንዘብ የሚያሳይ ፎርም ሊላክልህ ይችላል። ቢመጣ አትደንግጥ፤ ግን መሳቢያ ውስጥም አትክተተው። አይ አር ኤስም ኮፒው አለው፤ ዝም ካልክ ገቢህን የደበቅህ ይመስላል። ገቢ አለመሆኑን የምታሳይበት ቦታ ስኬጁል 1 በሚባለው የታክስ ፎርሙ አባሪ አናት ላይ አለ፤ ታክስ ሠሪህ ያውቀዋል። የሚያስፈልግህ የጎፈንድሚ ዝርዝርና ገንዘቡ ከአካውንትህ ወደ እሷ መሄዱን የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ነው። ቢያንስ ሦስት ዓመት አስቀምጠው። በካሽ አስረክበህ ከሆነ ስንቱን መቼ እንደተቀበለች ጽፋ ትፈርምልህ። «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ሐዘንተኛ ላይ አነሳለሁ?» እንዳትል። ሰው ለበጎ ገብቶ አመድ አፋሽ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር አያምጣ እንጂ፣ ከመጣ ገጹን ስትከፍት ተቀባይዋን ራሷን አስመዝግብ፤ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ እሷ ይሄዳል።

እስካሁን ያልጠየቅኸኝ ገንዘብም አለ። በ1984 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ወንጀለኞች ከሚከፍሉት ቅጣት ለወንጀል ተጎጂዎች የሚሆን ገንዘብ ይጠራቀማል። ወንጀሉ የተፈጸመው ዲሲ ስለሆነ የምታመለክተው ሜሪላንድ ሳይሆን ዲሲ ነው፤ ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው የዲሲ ሱፒሪየር ፍርድ ቤት ነው። ጣሪያው 25,000 ዶላር ነው። የቀብር ወጪን ይረዳል፤ ማመልከቻው በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ነሐሴ ሳይደርስ ትሂድ።

ልጆቹም ከፌዴራሉ የጡረታ መሥሪያ ቤት፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ በየወሩ የሚያገኙት ሊኖር ይችላል፤ ይህ አባታቸው ታክስ በከፈለበት ገቢ ላይ የተመሠረተ ነው። ኡበር የምትነዱ ሁሉ ይህን ስሙኝ። የነዳችሁትን ማይል እንደ ወጪ እየቆለላችሁ ገቢያችሁን ዜሮ ስታስደርጉ የምትቀንሱት የልጆቻችሁንም ነው። የእሱ ምን እንደሚመስል ሪተርኑን፣ ማለትም ያስገባውን የታክስ ፎርም፣ ሳላይ አልናገርም። የሞተበት ዓመት ታክስም መሠራት አለበት፤ ባለቤቱ ለ2025 ከእሱ ጋር በጋራ ማስገባት ትችላለች። ያለፉትን ዓመታት ሪተርኖች፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥርና የቀብር ቤቱን ደረሰኝ በአንድ ፖስታ አድርጋ ትያዝ። ፍርድ ቤቱም ሶሻል ሴኩሪቲም ጋ ስትሄድ አማርኛ አስተርጓሚ ትጠይቅ፤ አያስከፍሏትም።