ኮምፒውተርህ 2018 ላይ ቆሟል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ባሕር ዳር ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርበትን ኮምፒውተር የዛሬ አራት ዓመት ዕቃ በዕቃ ገዝቼ ራሴ ነኝ የገጣጠምኩት። ሃርድ ዲስኩን ግን ከድሮው ኮምፒውተሬ ነቅዬ ከነዊንዶውሱ ገጠምኩበት። ማታ ስዘጋ መብራት መጥቶ እንዳያቃጥልብኝ ዲቫይደሩን አጠፋለሁ። ሰሞኑን ጠዋት ስከፍተው ኤፍ 1 ተጫን ይለኛል፤ ስጫን «ሪቡት ኤንድ ሴሌክት ፕሮፐር ቡት ዲቫይስ» ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራል። አንድ ቴክኒሻን ባዮስ የሚሉት፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የቅንብር ገጽ ገብቶ የሆነ ነገር ነካክቶ አስነሣልኝና «ማዘርቦርዱ አልቆለታል፣ ቀይረው» አለኝ። እሱ እንዳሳየኝ እያደረግኩ በየጠዋቱ አስነሣዋለሁ። ቀኑም ስለሚዛባ ራሴ እሞላለሁ፤ ዛሬ ለምሳሌ ጥቅምት 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 02/12/2018፣ 03:00 ብዬ አስገባሁ። ያም ሆኖ ቴሌግራምና ዋትስአፕ በብራውዘር አልከፍት አሉ፣ ገጹ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የተጫነው ቴሌግራም ግን ይሠራል። ስልኬም በዚያው ዋይፋይ ደህና ነው። ደንበኞቼ ፎቶ የሚመርጡልኝ በመልእክት ስለሆነ ሥራዬ ቆሟል። ማዘርቦርዱን ልቀይር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማዘርቦርዱን እንዳትነካው። የሚቀየረው ከላዩ የተቀመጠችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ናት። ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብተህ «ሲአር 2032» በል። ቁጥሩ ልኳ ነው፤ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። «ያው ናት» ብለው 2025 ወይም 2016 ቢሰጡህ አትቀበል። ቮልታቸው አንድ ቢሆንም ቀጫጭን ስለሆኑ ማቀፊያዋ ውስጥ ይላወሳሉ።

የዚች ባትሪ ሥራ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለያይ ሰዓቱን ማስኬድ ነው፤ በብዙ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ያስገባኸውን ቅንብር ትጠብቃለች። ሶኬቱ እንደተሰካ ካደረ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት ስለሚለቅ እሷ ታርፋለች። አንተ ጋ ግን አራት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን የጠበቀችው እሷ ናት። ዲቫይደሩን ማጥፋትህን አትተው ታዲያ። ፓወር ሰፕላይ ከሚቃጠል በየሁለት ሦስት ዓመቱ ባትሪ ብትገዛ ይረክስሃል።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚወጣው ጽሑፍ «የምነሣበት ዲስክ አጣሁ» ማለት ነው። ዲስኩ ለምን ጠፋ? ከድሮ ኮምፒውተር የመጣው ዊንዶውስህ የተጫነው በአሮጌው መንገድ፣ ሌጋሲ በሚሉት ነው። ማዘርቦርድህ ደግሞ ከፋብሪካ የወጣው ዩኢኤፍአይ የሚሉትን አዲሱን መንገድ ብቻ እንዲያይ ተደርጎ ይመስለኛል። ያኔ ስትገጣጥመው አሮጌውን መንገድ የሚፈቅደውን፣ ሲኤስኤም የሚባለውን ቅንብር አብርተህ ረስተኸዋል። ባትሪዋ ስትሞት ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ተመለሰ፤ ዲስኩ ደህና ሆኖ ሳለ አላየውም። ቴክኒሻኑ የነካካው ይህንኑ መሆን አለበት። ደረሰበትና ምክንያቱን ሳይጠይቅ ሄደ። አልፈርድበትም። እኔም ፒያሳ ሥራ ስጀምር በዚሁ በሽታ ለተያዘ ኮምፒውተር ራም ቀይሬ፣ ሃርድ ዲስክ ቀይሬ፣ በመጨረሻ ባለቤቱ «ሰዓቱም እኮ አይሠራም» ሲሉኝ ነው የባነንኩት። ገንዘባቸውን መልሼ ሻይ ጋበዝኳቸው።

በመልእክቱ ጉዳይ ግን ባትሪዋን ብቻ አንወቅስም፤ ግማሹ ጥፋት ያንተ ነው። 02/12/2018 ስትል ላንተ ሁለተኛው ወር፣ ጥቅምት 12 ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018 ብሎ አነበበው፤ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደኋላ ማለት ነው። መሙላት የነበረብህ 10/22/2025 ነው፣ ሰዓቱም 09:00። አትፈር፤ ሱቄ ከሚመጡት ውስጥ ይህን ያደረገ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም።

ብራውዘር አንድን ገጽ ከመክፈቱ በፊት ሰርተፊኬት የሚባለውን መታወቂያውን ያያል። መታወቂያው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይላል፤ የዛሬዎቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ የ90 ቀንም ሞልቷል። 2018 ላይ የቆመ ኮምፒውተር በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ሲያሳዩት ገና ያልጀመረ መስሎት በሩን ይዘጋል። የተጫነው ቴሌግራም የሚሠራልህ ትክክለኛውን ሰዓት ከሰርቨሩ ተቀብሎ ለራሱ ስለሚያስተካክል ነው። ይህችን ነገር ባትጽፍልኝ ኖሮ እኔም ኢንተርኔትህን ነበር የምጠረጥረው። ዊንዶውስስ ለምን ራሱ አላስተካከለውም ትል ይሆናል። ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር ይመሳሰላል እኮ፤ ግን በመደበኛ ቅንብሩ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ሲበልጥ አልነካም ይላል።

እንግዲህ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፣ ባትሪዋን በጥፍርህ ከመያዣዋ አላቅቅ፣ አዲሷን የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርገህ አስገባ። ሲነሣ ዲሊትን እየነካካህ ባዮስ ግባ፤ ቀኑን በፈረንጅ ሙላ፣ ሲኤስኤምን አብራ፣ ዲስኩን መጀመሪያ ላይ አድርግ፣ በኤፍ 10 አስቀምጥ። ራምህን በኤክስኤምፒ፣ ማለትም ፍጥነቱን በሚጨምረው የባዮስ ቅንብር፣ ታስሮጠው ከነበረ እሱም ጠፍቶብሃልና መልሰው፤ 3200 የነበረው ወደ 2133 ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ቪዲዮ ኤክስፖርት ስታደርግ ዘግይቶብህ ከሆነም ይኸው ነው። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልል ሲጠይቅህ አዲስ አበባን አትፈልግ፣ የለችም። ናይሮቢ የሚለውን ምረጥ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ባትሪዋን ቀይረህም በማግስቱ ኤፍ 1 ካለህ ያኔ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፍልዎ። ኮር አይ 5 12400ኤፍ ፕሮሰሰርና ለብቻው የተገዛ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ገጣጠምኩ። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን «ኖ ሲግናል» ይላል። የኤችዲኤምአይ ገመዱን ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ነው የሰካሁት።

መልስ፦ እህቴ፣ ከቁጥሩ ኋላ ያለችው ኤፍ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለው ቀዳዳ የማዘርቦርዱ ነው፤ በዚያ በኩል ምንም አይወጣም። ገመዱን ዝቅ ብሎ በአግድም ካሉት የግራፊክስ ካርዱ ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኪው። ካልሆነ ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ 8 ፒን ገመድ መሰካቱን እይ፤ ከዚያ ራሙን አውጥተሽ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሰሽ ተጫኚው።