ናካማል ለጎንደር ሰው

ጥያቄ፦ በጎንደር፣ አዘዞ የምኖር ነርስ ነኝ። ባለቤቴ ለሥራ በፓስፊክ ውቅያኖስ ወዳሉት የቫኑዋቱ ደሴቶች ሄዶ ፖርት ቪላ ከተማ ስለሚገኝ፣ በሚቀጥለው ወር ልጠይቀው እሄዳለሁ። «ናካማል የሚሉት የሣር ክዳን መጠጥ ቤት አለ፤ ካቫ እጋብዝሻለሁ» ብሎኛል። መጠጡ ያሰክራል ወይ? ሴት ብትገባስ ነውር አይሆንም?

መልስ፦ ናካማልን ከውጭ ሲያዩት ብዙም እንግዳ አይሆንብዎትም። እኛ ጠላ መድረሱን በደጃፍ በተተከለ እንጨት ላይ ጣሳ ደፍተን እንደምናስታውቅ ሁሉ፣ እነርሱም ካቫው ሲዘጋጅ በመግቢያው ላይ ፋኖስ ወይም ባለቀለም አምፖል ያበራሉ፤ መብራቱ ከጠፋ ካቫው አልቋል ማለት ነው። ጣሪያው ግን ሣር ሳይሆን ናታንጉራ የተባለ የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ በቀጭን እንጨት ላይ እየታጠፈ ከተሰፋ በኋላ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይከደናል። ባለቤትዎ «የሣር ክዳን» ማለታቸው የአገር ቤት ናፍቆት ሳይሆን አይቀርም።

ልዩነቱ ያለው ከውስጥ ነው። ካቫ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ የሆነ ተክል ሥር ሲሆን፣ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ በውኃ ከታሸ በኋላ ተጨምቆ ይጠጣል፤ ጌሾ የለው፣ ብቅል የለው፣ ጥንስስ የለው፣ አልኮልም የለበትም። ስለዚህ እንደ አረቄ አያሰክርም፤ ሰውነትን ያፍታታል፣ ሲበዛም እግርን ያከብዳል። መልኩ የደፈረሰ የወንዝ ውኃ፣ ጣዕሙም መራራና አፈር አፈር የሚል ነው። ለጣዕሙ ሲባል የሚጠጣው ሰው ያለ አይመስለኝም። በግማሽ የኮኮናት ቅርፊት ተቀድቶ ሲሰጥዎ ወደ ጨለማው ጥግ ዞር ብለው በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡት፤ ከዚያ እንትፍ ማለት እዚያ ነውር አይደለም። ወዲያው ከንፈርና ምላስዎ ጥርስ ሊነቀልለት ማደንዘዣ እንደተወጋ ሰው ይደነዝዛሉ፤ ነርስ ስለሆኑ ስሜቱን ለታካሚዎችዎ ከማስረዳት ያውቁታል።

ካቫ የሚጠጣው ምሽት ላይ፣ በባዶ ሆድ ነው፤ አፍ ማበሻ የሚሆን ትንሽ ምግብ ከቅርፊቱ በኋላ ይቀርባል። ከሁሉ በላይ ግን ጨዋታን የሚመለከተውን ልብ ይበሉ። እኛ ጠላ ቤት ሳቁና ክርክሩ ሲደምቅ፣ «በሞቴ» እየተባለ ሲቀዳ፣ አዝማሪ ከገባማ ግጥም ሲቀበሉ ማምሸት ነው ወጉ። ናካማል ውስጥ መብራቱ ደብዛዛ፣ ወሬውም ሹክሹክታ ነው፤ ካቫ የጠጣ ሰው ብርሃንና ጩኸት ስለሚረብሸው፣ ድምፁን ከፍ ያደረገ እንግዳ በዓይን ይገሠጻል። የመጀመሪያው ምሽት እኔም በሳቄ ምክንያት ተገሥጫለሁ።

ስለ ሴትነትዎ፣ በፖርት ቪላ ከተማ ሴቶች ገብተው ስለሚጠጡ አይሥጉ። የያሱርን እሳተ ገሞራ ለማየት ወደ ታና ደሴት ከተሻገሩ ግን፣ በገጠሩ ናካማል በካቫ ሰዓት ሴት እንዳትቀርብ ልማዱ ስለሚከለክል፣ አስቀድመው የመንደሩን ሰው ያስጠይቁ።

የጉበት ሕመም ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይቅርብዎት፤ ከአልኮል ጋርም አይቀላቅሉት። ሲመለሱም ባለቤትዎ መኪና እንዳይዙ ይንገሯቸው። ጾም ላይ ከሆኑ ሥርና ውኃ ብቻ መሆኑን ለንስሐ አባትዎ ያስረዱ፤ ፍርዱን ለእርሳቸው እተዋለሁ። ሁለተኛውን ቅርፊት ከመጠየቅዎ በፊት ግን ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ይቀመጡ፤ የመጀመሪያው ገና እየመጣ ነው።