ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለሚያስቸግር መቆለፊያ

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚገኘው ቤትዎ የላሜራ መግቢያ በር ጠዋት በቀላሉ እንደሚቆለፍ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ቁልፉ አልዞር እንደሚልዎ፣ የሱቁ ባለቤትም ከበድ ያለ መቆለፊያ እንዲገዙ እንደመከረዎ ጽፈው የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። ድሬዳዋ ውስጥ በርና መስኮት ስገጥም እንደታዘብኩት፣ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከመቆለፊያው ሳይሆን ከበሩ የሚነሳ ስለሆነ ገንዘብዎን ለማውጣት አይቸኩሉ።

በሩ ወደ ምዕራብ የዞረ ከሆነ የከሰዓት ፀሐይ የውጭውን ገጽ ከውስጡ ይበልጥ ስለሚያግለው፣ ላሜራው ወደ ውጭ በትንሹ ይጎብጣል። የ2 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 0.7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህ መጠን፣ በተለይም በሩ ቀድሞውኑ ጥቂት ወርዶ ከሆነ፣ የመቆለፊያውን ምላስ (ቁልፉ ሲዞር የሚወጣውን ብረት) ከመቃኑ ቀዳዳ ጠርዝ ጋር ለማጋጨት ይበቃል። ሐረር ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ አገር በመሆኑ እዚያ የምገጥማቸው በሮች እንዲህ ሲያስቸግሩ ብዙም አላይም።

ችግሩ ባለበት ሰዓት በሩን እንደከፈቱ ቁልፉን ያዙሩት፤ ያለ ችግር ከዞረ መቆለፊያው ደህና ነው። ቀጥለው የምላሱን ጫፍ ኩል ቀብተው በሩን ይዝጉና ለመቆለፍ ይሞክሩ። ኩሉ ያረፈው በቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ላይ ከሆነ በሩ ወርዷልና የተበላውን ማጠፊያ ፒን ላይ ሮንዴላ (ቀለበት መሳይ ስስ ብረት) አስገብቶ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ በጎኑ ላይ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳውን 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ያህል በሞረድ ማስፋት ነው። ለዚህ ሥራ አዲስ መቆለፊያ የሚሸጥልዎ ሰው ቢኖር ችግሩን አብሮ እየሸጠልዎ ነው።

መቆለፊያው በእርግጥ ካለቀ አሮጌውን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። ከእጀታው ማዕከል እስከ ቁልፍ ማስገቢያው ማዕከል ያለው ርቀት፣ ለምሳሌ 85 ሚሊሜትር፣ ከአዲሱ ጋር ካልገጠመ ላሜራውን እንደገና መብሳት ግድ ይሆናል። የሲሊንደሩንም፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን ክፍል፣ ርዝመት ከመሐሉ ብሎን ቀዳዳ ወደ ሁለቱም ጫፎች ለየብቻ ይለኩት፤ ወደ ውጭ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከወጣ በፒንሳ ተይዞ ሊሰበር ይችላል። ከዚንክ ይልቅ የናስ ሲሊንደር ይምረጡ፤ በእጅ ሲመዝኑት ከበድ ይላል። ዘይት ደግሞ አቧራችንን ይዞ ስለሚያጣብቅ ወደ ቁልፍ ማስገቢያው አያፍስሱ፤ የቁልፉን ጥርስ በእርሳስ ጫፍ አሽተው ደጋግመው ማስገባትና ማውጣት ይበቃል። የውጭ እጀታው ጥቁር ብረት ባይሆን እመርጣለሁ፤ በግንቦት ከሰዓት አይያዝም።

ገጣሚውን ሲያነጋግሩ ቀሪው ክፍያ በሩ ፀሐይ መቶት በ9 ሰዓት ገደማ ከተሞከረ በኋላ እንደሚፈጸም አስቀድመው ይስማሙ። መጀመሪያ በሩ እንደተከፈተ፣ ከዚያም ተዘግቶ፣ ቁልፉን ራስዎ ያዙሩት።