የእሳት እራት ማጥናት እንጀራ ይሆናል?

«ጅማ የእፅዋት ሳይንስ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ በረንዳችን መብራት ላይ የሚያርፉትን የእሳት እራቶች ፎቶ አነሳለሁ፣ ዓይነታቸውን እለያለሁ። ቤተሰብ ‹ይሄ ምን ሥራ ያስገኛል?› ይለኛል። ልተወው?» ብለሻል።

አትተዪው። ግን «የእሳት እራት ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ስትጠብቂ እንዳታረጂ። ሥራው ያለው በሌላ ስም ነው፤ የሰብል ጥበቃ ይባላል።

ለቤተሰብሽ ሰብል ስለሚጨርሰው ትል፣ ስለ ተምች ንገሪያቸው። ተምችን የማያውቅ ገበሬ የለም፤ የተምች እናት የእሳት እራት መሆኗን ግን ስንቱ ልብ ይላል? የአፍሪካዋ ተምች ክንፏ ሲዘረጋ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የፊት ክንፏ አመድማ ቡኒ፣ የኋላው ነጣ ያለ፤ ለፎቶ የማታጓጓ ነገር ናት። ግን በሌሊት ነፋስ ታዝላ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፣ ከታንዛኒያና ከኬንያ ዝናቡን ተከትላ እኛ ጋ ትደርሳለች፣ በደቡብ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ደግሞ የመንም አለች። ልጆቿ ጤፍ አይሉ በቆሎ፣ የግጦሽ ሣር ሳይቀር ይጨርሱታል። (ቡና አይነኩም፣ ጅማ ተመስገን ትበል።)

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው ተምች ገባልን። ያንቺ ዓይን ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። የአሜሪካው ወንዱ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አለው፤ ሴቷ ግን ልሙጥ ስለሆነች ከኛዋ ጋር ታምታታለች። ለመለየት ትሉ ይሻላል፤ የአሜሪካው ትል ጅራቱ አካባቢ አራት ማዕዘን የሠሩ 4 ጥቁር ነጥቦች ታያለሽ።

ሲቪሽ ላይ «ነፍሳት እወዳለሁ» ብለሽ አትጻፊ፣ እሱን ማንም ይጽፋል። ሳጥን አዘጋጂ። ናሙናውን በመርፌ ወግተሽ አድርቂው፤ ሳይደርቅ ከዘጋሽበት በጅማ እርጥበት ይሻግትብሻል። ከሥሩ በትንሽ ወረቀት ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ በመብራት ይሁን በሴቷ ጠረን ወንዱን በሚስበው ወጥመድ የያዝሽው ጻፊ። በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ ሲረጥብ ይፈሳል።

ከዚያ 30 ያህል በደንብ የተለዩ ናሙናዎች ይዘሽ መልኮ፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ሂጂና ልምምድ ጠይቂ። ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትም አትናቂ። የድጋፍ ደብዳቤውን ግን ከዲፓርትመንትሽ ከአሁኑ አጽፊ፤ ክረምት ሲደርስ ሰልፉ አይጣል ነው።