ለሦስት ቀን የት እንሂድ? ስለ አውሮፓ ከተሞች የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ጣሊያን መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዤ ወደ አንዱ ከተማ እሄዳለሁ። «ሦስት አራት ቀን አለን፤ ታሪክም የምናይበት፣ ጥሩ ምግብም የምንበላበት ቦታ ንገሪን» የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከፍራንክፈርት፦ እኔና ባለቤቴ ያለን ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሙዚየም እንወዳለን፣ መብላትም እንወዳለን። አንድ ከተማ ብቻ ምረጪልን።

ናፖሊ። ሮምን የምላችሁ መስሏችሁ ይሆናል። ሮም ግን ለሦስት ቀን ትበዛለች፤ ግማሹ ጊዜ በሰልፍ ያልቃል። ናፖሊ ላይ የሚታየውና የሚበላው ጎን ለጎን ነው። ከተማዋን የቆረቆሯት ግሪኮች ናቸው፤ ስሟም «አዲስ ከተማ» ማለት ነው። ዛሬም የድሮዎቹን ጠባብ መንገዶች ተከትላችሁ ትሄዳላችሁ። ከላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ከታች ሰው ቡና ይጠጣል።

መጀመሪያ ሳንሴቬሮ ወደምትባለው ትንሽ ጸሎት ቤት ግቡ። ጁዜፔ ሳንማርቲኖ በ1753 የቀረጸው የክርስቶስ ሐውልት እዚያ አለ። ጌታ ከመስቀል ወርዶ ተጋድሟል፤ ላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ጨርቁም አካሉም የተፈለፈሉት ከአንድ እብነ በረድ ነው። ጠጋ ስትሉ ግንባሩ ላይ ያበጠችው የደም ሥር በጨርቁ ውስጥ ትታያለች። እጁ ላይ ያለው የችንካር ምልክትም ይታያል። ድንጋይ መሆኑን እያወቅኩ ነጠላ የለበሰ ሰው አጠገብ የቆምኩ መሰለኝ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ያያል። ትኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድማችሁ ኢንተርኔት ላይ ግዙ።

ከዚያ በእግር ወደ ብሔራዊ የአርኪኦሎጂ ሙዚየም ሂዱ። ቬሱቪየስ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ79 ዓ.ም. ፈንድቶ ከቀበራቸው ከተሞች የወጡት ዕቃዎች ያሉት እዚያ ነው። ከሐውልቶቹ ሁሉ በላይ እኔን ያቆመኝ አንድ ዳቦ ነው። ክብ ነው፣ ልክ እንደ ድፎ። ጋጋሪው ሲቆረስ እንዲመች ላዩን 8 ቦታ ከፍሎታል። ከሰል መስሏል እንጂ ቅርጹ አልተነካም። ሰውየው ያን ቀን ጠዋት ሥራ ገብቶ ነበር።

ከተቀበሩት ከተሞች አንዷ ፖምፔይ በከተማ ዙሪያው ባቡር ከጋሪባልዲ ጣቢያ 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሙዚየሙም ሳንሴቬሮም ማክሰኞ ዝግ ናቸው። ማክሰኞን ለፖምፔይ አድርጉት። ፖምፔይም በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አያስገባም፤ ትኬቱን ቀድማችሁ ያዙ።

ምግቡ? ፒዛ ነዋ! በእንጨት እሳት ምድጃ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብቻ ነው የሚቆየው። ጠርዙ ያብጣል፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ይላል፣ መሃሉ እርጥብ ይሆናል። በቢላ የምትታገሉት ደረቅ ነገር አይደለም። መንገድ ላይ አራት ቦታ አጥፈው በወረቀት ይሰጧችኋል፤ እየሄዳችሁ ብሉ።

ከስቶክሆልም፦ ሮም፣ ፍሎረንስና ቬኒስ በ4 ቀን ይዳረሳል?

ባቡሩ ፈጣን ስለሆነ ይዳረሳል። ግን የምታስታውሰው ሻንጣ ስትጎትት ነው። አንዱን ምረጥ።

ከዋሽንግተን፦ ልጄ፣ እናቴ በዐቢይ ጾም ወቅት አውሮፓ መጥታ እዚያ ልንገናኝ ነው። 74 ዓመቷ ነው፤ ጾሟን አትፈታም። የት ብንወስዳት ይሻላል?

አቴንስ ይውሰዷት። ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ፋሲካቸው ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል እነሱም በዚያው ሰሞን ይጾማሉ። የጾም ምግብ «ኒስቲሲሞ» ይባላል። ይህን ቃል ብቻ ቢይዙ ብዙ ምግብ ቤት ይረዳዎታል። ፋቫ የሚሉት አለ፤ ቢጫ ክክ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በወይራ ዘይትና በሽንኩርት የሚቀርብ። እናትዎ ሲቀምሱት የክክ አልጫ ነው ማለታቸው አይቀርም። ጊጋንቴስ ደግሞ ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም ተደርጎ ምድጃ ውስጥ የበሰለ ነው። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝም አለ፤ ሥጋ የሌለበትን ይጠይቁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ እነሱ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ በጾም ይበላሉ። «ኒስቲሲሞ» ስላሉ ብቻ ሁሉም ለእናትዎ አይሆንም።

አክሮፖሊስ የሚባለው ኮረብታ ላይ መውጣቱ ለእግራቸው ሊከብድ ይችላል። ከሥሩ በ2009 የተከፈተው የአክሮፖሊስ ሙዚየም አለ፤ አሳንሰር አለው፣ በመስኮቱ ኮረብታው ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ፓርቴኖን፣ ፊት ለፊት ይታያል። ኤርሙ በሚባለው የገበያ መንገድ መሃል ደግሞ ካፕኒካሬያ የምትባል የ11ኛው ክፍለ ዘመን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሱቆቹ ከበዋታል። ገብተው ሻማ አብርተው ቢወጡ ከፓርቴኖን ይልቅ እሷን ያስታውሱ ይሆናል።

ናፖሊ ከሆነም አይራቡም። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ቺዝ የለውም።

ከዱባይ፦ ሁሉም ሰው ቦሎኛ የጣሊያን የምግብ ዋና ከተማ ነው ይላል። እኛ አሳማ አንበላም። ይሆነናል?

ቦሎኛን በጣም እወዳታለሁ። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው በ1088 ነው ይባላል። በቅስት የተሸፈኑት የእግረኛ መንገዶቿ ተደምረው 62 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ ዝናብ ቢዘንብ ጃንጥላ አያስፈልግም። ግን እውነቱን ልንገርሽ። ዝነኛዎቹ ምግቦቿ አብዛኞቹ አሳማ አለባቸው። ሞርታዴላ የሚባለው ቋሊማ አሳማ ነው። በመረቅ የሚቀርበው ትንሽ የተሞላ ፓስታ፣ ቶርቴሊኒ፣ ውስጡ አሳማ ነው። ራጉ የሚባለው የፓስታ ሥጎም ብዙ ጊዜ ይገባበታል። ሳትጠይቂ የምትበዪው አይደለም።

የሚበላም አለ። ቶርቴሎኒ፣ ልብ በይ ቶርቴሊኒ አይደለም፣ ውስጡ ሪኮታ የሚባል አይብ ነው፤ በቅቤ ይቀርባል። ዱቄትና እንቁላል አቡክተው በረጅም መዳመጫ የሚዘረጉትን ሴቶች በመስኮት ቆመሽ እያቸው። ሊጡ በጣም ከመሳሳቱ የተነሳ ኮረብታው ላይ ያለው የሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን በውስጡ መታየት አለበት ይላሉ።

«ማያሌ» አሳማ ነው፣ «ስትሩቶ» የአሳማ ጮማ ነው። «ሴንሳ ማያሌ» ማለት ያለ አሳማ ማለት ነው። ስትሩቶ ናፖሊም ውስጥ ኬክና ዳቦ ላይ ስለሚገባ እዚያም ጠይቂ። አልኮልም የምትሸሺ ከሆነ ራጉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወይን ይጨመራል።

ከአዲስ አበባ፦ ስለ ቪዛ አጭር ነገር ብትይን?

የሸንገን፣ ማለትም የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ማመልከቻ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ብዙ ቀን የምታድርበት አገር ኤምባሲ ነው የምታመለክተው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ከጉዞው 6 ወር ቀድመህ ማስገባት ትችላለህ። ውሳኔው 45 ቀን ሊወስድ ይችላልና አታዘግየው። ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት ቪዛው ሳይመታ አትግዛ፣ እባክህ።

ከለንደን፦ አባቴ ታሪክ ነፍሱ ነው። 80ኛ ዓመቱን የት እናክብርለት?

ሊዝበን። ቤሌም ሰፈር የጀሮኒሞስ ገዳም አለ፤ መገንባት የጀመረው በ1501 ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የፖርቱጋላዊው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ። አባትህ የዳ ጋማን ልጅ ክሪስቶቫኦን ያውቁታል፤ በ1541 ከ400 ያህል ወታደሮች ጋር በምጽዋ ገብቶ ግራኝ አሕመድን የተዋጋው፣ በዓመቱም ተማርኮ የተገደለው ነው። እዚያ መቃብር አጠገብ አቁማቸውና ታሪኩን እሳቸው ይንገሩህ። ስትወጡ በእግር ጥቂት ደቂቃ ላይ ከ1837 ጀምሮ የቤሌምን የእንቁላል ኬክ የሚጋግረው ቤት አለ። ትኩሱን፣ ላዩ ላይ ቀረፋ ነስንሳችሁ ብሉ። ገዳሙ ሰኞ ዝግ ነው። ከተማዋ ዳገት ይበዛባታልና በትራም ተንቀሳቀሱ።

ከሚላኖ፦ ነሐሴ ላይ ብቻ ነው እረፍት የማገኘው። የት ልሂድ?

ጣሊያን ውስጥ በኦገስት 15 ሰሞን በቤተሰብ የሚተዳደሩ ጥሩ ጥሩ ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ይዘጋሉ፤ ሙቀቱም ከባድ ነው። ቪየና ይሻልሻል። ከቻልሽ ግን ለጥቅምት ቀን አስተርፊ።

ከሮም፦ ሂሳብ ላይ እንዳንታለል ምን እንይ?

ዓሣ! አንድ የባሕር ዳር ከተማ ላይ 8 ዩሮ የሚል አይቼ አንድ ዓሣ አዘዝኩ። ሂሳቡ 56 ዩሮ መጣ። ዋጋው የ100 ግራም ነበር፤ ሜኑው ላይ በትንሹ «ኤቶ» ተብሎ ተጽፏል። ዓሣው 700 ግራም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይጠበስ በፊት አስመዝኜ ዋጋውን እጠይቃለሁ። «ኮፔርቶ» የሚለው የመቀመጫና የዳቦ ሂሳብ ነው፤ ብዙ ቦታ የተለመደ ስለሆነ አትደንግጡ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ከበርሊን፦ ለቡና ወዳድ ቪየና ወይስ ናፖሊ?

ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ቪየና ቡናው በትንሽ ትሪ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ይመጣል። ጋዜጣ ይዘህ ሁለት ሰዓት ብትቀመጥ የሚያስነሳህ የለም። እንደ እኛ ቡና ጊዜ ይወስዳል።

ናፖሊ በቁምህ ነው። መጀመሪያ ውኃውን ትጠጣለህ፣ አፍህ እንዲጠራ። ስኒው ይፋጃል፣ ቡናው ሁለት ጉንጭ ነው፣ በሦስት ደቂቃ ውጭ ነህ። ግን እዚያ «ካፌ ሶስፔዞ» የሚሉት ልማድ አላቸው። የሁለት ቡና ትከፍላለህ፣ አንዱን ትጠጣለህ። ሌላው ለሌለው ሰው ይቀመጥለታል፤ ማን እንደሚጠጣው አታውቅም። እኔ ሁልጊዜ ወደ ባቡሩ ከመሄዴ በፊት እንዲህ አድርጌ ነው የምወጣው።