የጡረታ ቁጠባችንን ለልጅ ብንነካውስ?

ጥያቄ፦

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እኔ 38፣ ባለቤቴ 41 ዓመታችን ነው። ልጅ ለመውለድ ስንሞክር አራት ዓመት አለፈን። ሐኪማችን በተፈጥሮ መንገድ የመፀነስ ዕድላችን ጠባብ መሆኑን ነግሮን፣ እንቁላልና የወንድ ዘር በላብራቶሪ ውስጥ ተገናኝተው ሽሉ ወደ ማህፀን የሚገባበትን የአይቪኤፍ ሕክምና እንድንጀምር መክሮናል። የጤና መድኅናችን ይህን አይሸፍንም፤ በእጃችን ያለው ገንዘብም ለአንድ ዙር እንኳ አይበቃም። ትልቁ ሀብታችን እኔ በ13 ዓመት ውስጥ በመሥሪያ ቤቴ በኩል ያጠራቀምሁት የጡረታ ቁጠባ ነው። ደንቡ ሁለት መንገድ ይፈቅዳል፦ ግብርና ቅጣት ከፍሎ ገንዘቡን ማውጣት፣ ወይም እስከ ግማሹ ተበድሮ በአምስት ዓመት ውስጥ ከደመወዝ እየተቆረጠ መመለስ።

ባለቤቴ ሁሉንም እናውጣው ባይ ነው። «ልጅ ከተገኘ ጧሪ ተገኘ፤ ልጅ ከሌለንማ ጡረታው ለማን ነው?» ይለኛል። እኔ ግን እናቴ ያለ ምንም ቁጠባ አርጅታ የልጆቿን እጅ ስትጠብቅ ስላየሁ፣ ገንዘቡም አልቆ ልጁም ሳይመጣ እንዳንቀር እፈራለሁ። ይህን ስናገር ደግሞ ልጁን ከእሱ ያነሰ የፈለግሁ ይመስልብኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ከመጨረሻው ሐሳብዎ ልነሣ። የሚሰጉት ሕክምናው ላይሳካ እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው፤ በዚህ ውሳኔ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈልገው ይህን ማወቅ ነው። ባለቤትዎ ያንን ስጋት ከፍቅር ማነስ ቆጥረውት ከሆነ ይህን መልስ አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

የጡረታ ቁጠባ በምንም ምክንያት አይነካም የሚሉ የገንዘብ አማካሪዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ በእናንተ ጉዳይ አልስማማም። ለጡረታ፣ በ60 ዓመት የሚወጡ ከሆነ፣ 22 ዓመት ይቀርዎታል። የሴት እንቁላል ቁጥርና ጥራት ግን ከ35 ዓመት ገደማ ጀምሮ በይበልጥ እየቀነሰ፣ ከ40 በኋላ በፍጥነት ስለሚወርድ፣ «ሦስት አራት ዓመት ቆጥበን እንጀምር» የሚለው ምክር ለቤት ወይም ለመኪና ቢያስመሰግንም ለእርስዎ የሚያስከፍለው ገንዘብ በኋላ የማይመልሰውን ነገር ነው።

የባለቤትዎን የጧሪ ክርክር ግን አልቀበልም። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ቢወለድ፣ እርስዎ 60 ሲሞላዎ እሱ 21 ዓመቱ ነው፤ ምናልባት ገና ተማሪ ስለሚሆን ሊጦራችሁ ይቅርና የእናንተን እጅ የሚጠብቅበት ዕድሜ ነው። ዘግይቶ የሚወልድ ሰው ቀድሞ ከወለደው ይልቅ የጡረታ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ደግሞም ከእናትዎ ጋር ያዩትን ለገና ላልተፀነሰ ልጅ ማቆየት የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ወደ ዕድሉ እንምጣ። በ38 ዓመት ዕድሜ፣ በራስ እንቁላል ከሚደረጉ ነጠላ ዙሮች ከግማሽ የሚበልጡት ያለ ልጅ ያበቃሉ። ለምሳሌ ያህል ብቻ የእያንዳንዱ ዙር ዕድል 25 በመቶ ነው ብንል፣ ሦስት ዙር ያደረጉ ጥንዶች ቢያንስ አንድ ልጅ የማግኘት ዕድላቸው 58 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ 42 በመቶው ሦስቱንም ከፍሎ ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት ነው። የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር ሊገምት የሚችለው ሐኪማችሁ ስለሆነ፣ በእርስዎ የዕድሜ ክልል ካሉ ታካሚዎቻቸው ውስጥ ስንቶቹ ወልደው እንደሄዱ ይጠይቁ። የእርግዝናን ቁጥር ቢነግሯችሁ አትርኩ፤ እርግዝና ሊቋረጥ ስለሚችል የልደቱ ቁጥር ሁልጊዜ ያነሰ ነው። መድኃኒቱ፣ ሽል ማቀዝቀዙና በየዓመቱ የሚከፈለው የማቆያ ሒሳብ በተነገራችሁ ዋጋ ውስጥ መግባት አለመግባቱንም አረጋግጡ። ውጤት ያሻሽላሉ ተብለው የሚሸጡ ተጨማሪ አገልግሎቶችም አሉ፤ ብዙዎቹ የመውለድን ዕድል እንደሚጨምሩ አስተማማኝ ማስረጃ ስለሌላቸው፣ የጡረታ ገንዘብ እየነኩ እነሱን መግዛት አይገባም ባይ ነኝ።

የችግሩን ምክንያት አልጻፉልኝም። የማህፀን ቱቦዎች ተዘግተው ከሆነ ወደ አይቪኤፍ በቀጥታ መሄዱ ተገቢ ነው፤ ባለቤትዎ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያላደረጉ ከሆነ ግን አንድም ነገር ሳይከፈል በፊት ያድርጉ። መፀነስ ካልቻሉ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ወገን ድርሻ አለበት፤ ምርመራውም ከአንድ ዙር ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

ከሁለቱ መንገዶች እኔ የምመርጠው ብድሩን ነው። ገንዘቡን ብታወጡት ግብሩና ቅጣቱ ወዲያው ይቆረጥበታል፤ የቀረው ደግሞ በዓመት 5 በመቶ ያድግ ከነበረ በ22 ዓመት ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋውን እድገት ታጣላችሁ (የዋጋ ንረት ከዚህ ላይ የራሱን ድርሻ ይበላል፤ ቢሆንም ቀላል አይደለም)። ብድሩ ግን ተመልሶ ወደ ራስዎ ሒሳብ ይገባል። ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛው፣ ሥራ ቢለቁ ቀሪው ዕዳ ባንዴ ይጠየቅ እንደሆነ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ሕክምናው ከተሳካ፣ ዕዳው ከደመወዝ የሚቆረጥበት ጊዜ ከወሊድ ፈቃድና ከሕፃን ወጪ ጋር ይገጣጠማል፤ ወርኃዊ ክፍያውን በዚያ ወቅት በሚኖራችሁ ገቢ አስሉት። አሠሪዎ በመዋጮዎ ልክ የሚጨምርልዎ ገንዘብ ካለ፣ መዋጮውን አያቋርጡ።

ብድሩ እስከ ግማሽ ብቻ መፍቀዱ ለእናንተ ጥሩ አጥር ነው። ከባድ የሚሆነው ሁለተኛው ዙር ከሽፎ ሐኪሙ «አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር» ሲል ነው፤ በዚያ ሰዓት ማንም ሰው በቀዝቃዛ አእምሮ አይወስንም። ስለዚህ ስንት ዙር እንደምትሞክሩና ከቁጠባው የማይነካው መጠን ስንት እንደሆነ፣ ከዚያም በኋላ የሌላ ሴት እንቁላል፣ ጉዲፈቻ ወይም ያለ ልጅ መኖር ለሁለታችሁም ይታሰብ እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩና በወረቀት አስፍሩት።